ክረምትና ንባብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በንባብ ክበብ አባላት ስም የተነበበ ንግግር)

በዓል የደስታ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰብ በበዓል ሲሰበሰብ ከምግቡና ከመጠጡ በኋላ የቤቱን ጉዳይ አንሥቶ መነጋገሩ የቆየ ልማድ ነው። እኛም ዛሬ ሁላችሁንም በአንድነት ስላገኘናችሁ ከቤታችን ጉዳይ አንዱን ልናነሣ ወደድን። ጉዳዩም ተማሪ በክረምት መጽሐፍ አጥቶ መክረሙ ነው።

ይህን ነገር እንድናስብ ያደረገን አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ክበባችን አልፎ አልፎ ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄደ ከልጆች ጋራ የንባብ ሰዓት ያደርጋል፤ ጥቂት መጻሕፍትም ያውሳቸዋል። ባለፈው ሰኔ ከልጆቹ መካከል አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፍ ስላነበበልን አጨበጨብንለት። በመስከረም ተመልሰን ስንሄድ ያንኑ መጽሐፍ አውጥተን፤ ያንኑ ገጽ ገልጠን ሰጠነው። ልጁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ፊደሉን በጣቱ አንድ በአንድ እየጠቆመ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዝም አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እውነቱን ለመናገር ከእኛም ፈገግ ያልን ነበርን። «ምነው፤ ሰኔ ላይ አንብበኸው አልነበረም?» ብለን ብንጠይቀው ቀና ብሎ አየንና፤ «መጽሐፉን ሰኔ ላይ ተቀበላችሁኝ እኮ» ሲል መለሰልን።

ለዚህ ቃል መልስ አጣን። ልጁ ያለው እውነት ነበረና። መጻሕፍቱን ከልጆቹ እጅ እየለቀምን ቆጥረን ያስረከብን እኛው ራሳችን ነበርን። አንድም ሳይጎድል ስላስረከብንም ተመስግነንበታል።

ሰኔ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተማሪው የተዋሰውን መጽሐፍ ካልመለሰ የውጤት ካርዱን አያገኝም። ስለዚህ ካርዱን ተቀብለን መጽሐፉን እናስረክባለን። መጻሕፍቱ ተቆጥረው ወደ ቁም ሣጥናቸው ይገባሉ፤ በሩም ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 30 ቀን፤ ነሐሴ 30 ቀን፤ ጳጉሜን 5 ቀን፤ በጠቅላላው 65 ቀን መጽሐፉ በአንድ ወገን፤ አንባቢው በሌላ ወገን ሆነው ይከርማሉ። አንድ ልጅ በቀን 10 ገጽ ብቻ ቢያነብ በ65 ቀን 650 ገጽ ይሆንለት ነበር። ይህም ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጁትን ስስ መጻሕፍት ብንቆጥር ብዙ መጽሐፍ ማለት ነው።

በክረምት ሥራ የለም ማለታችን አይደለም። የቡናው እርሻ ይታረማል፤ እንሰቱ ይኮተኮታል፤ ከብት ይጠበቃል፤ ውሃ ይቀዳል። ነገር ግን በእኛ አገር ትልቁ ጥድፊያ የሚመጣው ቡናው በሚለቀምበት ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት መሆኑን ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በክረምት ዝናቡ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ያስገባል። ልጅ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ ነው። በዓመት ውስጥ ለንባብ የሚመች ጊዜ ቢኖር ይኸው ነበር፤ መጽሐፉን ግን በዚያው ጊዜ ቆልፈንበታል።

ስለዚህ ነገር በሌላ አገር የተመራመሩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ አገር ባርባራ ሄይንስ የተባሉ ምሁር በአትላንታ ከተማ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በመጽሐፍ አሳትመው ነበር። እንደ ጥናቱ ከሆነ ልጆች በዕረፍት ወራት ከሚያደርጉት ነገር ሁሉ ይልቅ ከትምህርታቸው መሻሻል ጋራ አብሮ የተገኘው ንባብ ነው። ቤታቸው ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቀረበና በቤተ መጻሕፍቱ የሚጠቀሙ ልጆችም የበለጠ ያነቡ ነበር። በ1996 ደግሞ ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው 39 ጥናቶችን አሰባስበው ቢመረምሩ፤ ልጆች በዕረፍት ወራት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ እንደሚመለሱና በንባብ በኩል ይልቁንም የሚጎዱት የድኾች ልጆች እንደሆኑ ገለጡ። በቅርብ ዓመታት ሌሎች ተመራማሪዎች «የኪሳራው መጠን ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ አለካኩም መታረም አለበት» በማለት ተከራክረዋል። እኛ በሊቃውንት ክርክር መካከል ገብተን ለመፍረድ አቅም የለንም። ሆኖም ቤቱ መጽሐፍ ያለበት ልጅና ቤቱ መጽሐፍ የሌለበት ልጅ ክረምቱን እኩል አይከርሙም የሚለውን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በክፍላችን ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማየት ይበቃል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ጌዴኡፋ ከስድስቱ ቋንቋዎች መካከል ስላልነበረ የእኛን ልጆች ቁጥር መጥቀስ አንችልም። ነገር ግን የጌዴኦ ልጅ በላቲን ፊደል በተጻፈው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጀምራል፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ ይጨምራል፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሁሉን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማራል። ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ፊደል የተሸከመ ልጅ 65 ቀን ሙሉ አንዱንም ሳያይ ቢከርም፤ በመስከረም የሚደናቀፈው ሰነፍ ስለሆነ ነው ልንል እንችላለን?

ከእኛ ብዙዎቻችን ይህን በራሳችን አይተነዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በመግባቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርት ቤቶች እንደገና መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ረጅም ጊዜ ራዲዮና ቴሌቪዥን ያለው ትምህርቱን ተከታተለ፤ መጽሐፍ ያለው አነበበ፤ አንዱም የሌለው ዝም ብሎ ጠበቀ። ስንመለስ ሁላችንም በአንድ ክፍል ተቀመጥን፤ ዳሩ ግን በአንድ ደረጃ ላይ አልነበርንም። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል ያን ጊዜ የጎደለባቸውን ሳይሞሉ ቀርተው ትምህርታቸውን የተዉ አሉ። ስለ ክረምት ስንናገር የምንሰጋውም ይህንኑ ነው። ያ አንድ ጊዜ በብዙ የሆነው ነገር በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው በየዓመቱ ጥቂት ስለሆነ አያስደነግጥም፤ አንድ ቀን ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣዋል።

ክቡራን ወላጆቻችን፤

እናንተ ይህን ነገር ለመረዳት የእኛ ትምህርት አያስፈልጋችሁም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የተጻፈው በምን ምክንያት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን በላይ ትልልቁን ዛፍ፤ በዛፉ ጥላ ሥር እንሰቱን፤ ከእንሰቱ በታች ቡናውን አድርገው፤ ቁልቁለቱን መሬት ዓመቱን ሙሉ ሳያራቁቱ አቆይተውልናል። ዝናብ ሲመጣ ራቁቱን የሚጠብቅ መሬት አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። መሬቱን እንዲህ የሚጠብቅ ሕዝብ፤ የልጁ አእምሮ በየክረምቱ ራቁቱን እንዲከርም ለምን ይፈቅዳል?

ለዚህ የሚጠቅም ትምህርት በራሳችን ታሪክም ውስጥ አለ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፤ በክረምት ወር ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከእነዚህ አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበረ። ኢትዮጵያም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ለዚህ ሥራዋ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ምናልባት ዛሬ በመካከላችን ከተቀመጡት አያቶቻችን አንዳንዶቹ ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ያን ጊዜ ይሆናል። ዘመቻውን ይመሩ የነበሩት ሰዎች አንድ ነገር ቶሎ ተረድተው ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ነገር ካላገኘ ወደ መሃይምነቱ ይመለሳል። ስለዚህ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች እንዲቋቋሙ፤ ለአዲስ አንባቢዎችም ልዩ ጽሑፎች እንዲታተሙ ተደረገ። ያ ሥራ በብዙ ስፍራ በኋላ ተቋረጠ፤ ፊደሉንም የረሱ ብዙዎች ናቸው። አዋቂ ሰው እንኳ ካላነበበ የሚረሳ ከሆነ፤ የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት አይረሳም?

አሁን ስለ ተቆለፈው ቁም ሣጥን እንናገር። የመጻሕፍት ኃላፊውን የምንወቅስ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ኃላፊው መጽሐፉን በፊርማ ተረክቧል፤ ሲጎድል ተጠያቂው እርሱ ነው። በእኛ አገር እርጥበት አለ፤ የሚያፈስ ጣራ አለ፤ አይጥም አለ። መጽሐፍ በስንት ልመና እንደሚገኝ እርሱ ያውቃል። በፊርማው የተያዘ ሰው በሩን ቢቆልፍ ምን ያስደንቃል? እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም። የጠፋውን መጽሐፍ የሚቆጥር መዝገብ አለን፤ የጠፋውን አንባቢ የሚቆጥር መዝገብ ግን የለንም። አንድ መጽሐፍ በ20 ልጆች እጅ ዞሮ ጠርዙ ተበልቶ ቢያልቅ «ተበላሸ» ይባላል። ሳይገለጥ 10 ዓመት ቢቀመጥ ግን «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ መታረም ያለበት ይህ አስተሳሰብ ነው።

ይህን ያረሙ ሰዎች ደግሞ በአገራችን ታይተዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ማነሱን ባዩ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም ሥራው ወደ ሐዋሳ ተስፋፍቶ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት እየተጫኑ ወደ ልጆች ሰፈር ይሄዱ ጀመር። ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ መንገዱም ያው የሞያሌ መንገድ ነው። ከዚህ የምንማረው አህያ እንግዛ የሚለውን አይደለም። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ እንደሚችል ነው።

ስለዚህ ክበባችን ከመምህሮቻችን ጋራ ተመካክሮ የሚከተሉትን አሳቦች በትሕትና ያቀርባል።

አንደኛ፤ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ በግንቦት ወር ይነጋገሩ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለበት ከተማ ትምህርት ቤቱ ለክረምቱ የሚሆኑትን መጻሕፍት በዝርዝር ቆጥሮ በአደራ ያስረክብ፤ የተማሪዎቹንም ስም ይላክ። የተማሪው መታወቂያ ለትምህርት ቤት እንደሚያገለግል ሁሉ በክረምት ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ያገልግል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ስፍራ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ክፍል ቢያንስ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይከፈት። ተራ ገብተን በረዳትነት ለመሥራት እኛ የክበቡ አባላት ዝግጁ ነን።

ሁለተኛ፤ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ልጆች የመጻሕፍት ዕቁብ ይቋቋም። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አምስት ልጆች አምስት የተለያዩ መጻሕፍት ይወስዳሉ። እያንዳንዱ መጽሐፍ በአንዱ ልጅ እጅ 13 ቀን ይቆይና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አምስት ጊዜ 13 ቀን ልክ 65 ቀን ነው። በመስከረም አምስቱም ልጆች አምስቱንም መጻሕፍት አንብበው ይመለሳሉ። ቁም ሣጥናችን ውስጥ ከተቆለፉት መጻሕፍት 100 ብቻ ብናወጣ 100 ልጆች እያንዳንዳቸው አምስት መጽሐፍ አነበቡ ማለት ነው። ለዚህ አንድ ብር አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፤ የዋስትናው ጉዳይ ይስተካከል። አምስቱ ልጆች እርስ በርሳቸው ዋስ ይሁኑ፤ ከወላጆችም አንድ ሰው ይፈርም። መጽሐፉን ከዝናብና ከጭስ የሚጠብቅ የላስቲክ ከረጢት አብሮ ይሰጥ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መጽሐፍ ቢያረጅ ወይም ከብዙ ጥቂት ቢጎድል የወላጅና የመምህር ኅብረት ተመልክቶ ከመዝገብ ይሰርዝለት እንጂ ሸክሙ በኃላፊው ደመወዝ ላይ አይውደቅ። ይህ ካልተደረገ በሩን ክፈት ብለን ኃላፊውን ልንጠይቀው አይገባንም።

አራተኛ፤ ለታናናሾቻችን በጌዴኡፋ የተጻፉ መጻሕፍት እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአያቶቻችን የምንሰማውን ተረት በክረምቱ በንጹሕ ደብተር እየጻፍን በመስከረም ለታችኛ ክፍሎች እናምጣ። የቋንቋ መምህሮቻችን ያርሙልን። ዩኒቨርሲቲያችንም ይርዳን ብለን እንለምናለን። የዲላ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ሥራውን ሲጀምር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበረና ለመምህርና ለተማሪ ጉዳይ ባዕድ አይደለም።

አምስተኛ፤ መስከረም ሲጠባ ስለ ክረምቱ ንባብ ፈተና አይሰጥ። ፈተና ከሆነ ልጁ መጽሐፉን እንደ ዕዳ ያየዋል። በዚህ ፈንታ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ካነበበው የወደደውን ቆሞ ለጓደኞቹ ይተርክ። መምህሩም ስንት እንዳነበበ ሳይሆን ምን እንደወደደ ይጠይቀው።

ክቡራን ወላጆቻችን፤

ከእናንተ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑ እንኳ ማታ ልጃችሁን «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ልጅ የሚሰማው ሰው ካገኘ ያነባል። መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠውን ልጅ ሥራ ፈት አትበሉት፤ ለሴት ልጃችሁም ከሥራዋ ላይ አንዲት ሰዓት ቀንሱላት። በክረምት ከወንድሟ ይልቅ ጊዜ የሚያጣው እርሷ ናትና።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤

መጽሐፍን እንድንወድ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። አሁን ደግሞ ይዘነው ወደ ቤት እንድንገባ ፍቀዱልን። አንዳንዱን ማበላሸታችን አይቀርም። ነገር ግን ያልተገላበጠ ያራል ይባላል፤ መጽሐፍም በቁም ሣጥን ውስጥ እንዲሁ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤

ለእናንተ የምንለው ከሁሉ ያጥራል። የወሰድነውን እንመልስ። አንድ ሰው መጽሐፍ ቢያስቀር የሚቀጣው ኃላፊውን ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ክረምት በሩን በታናናሾቹ ላይ ይቆልፋል። በሩ እንዲከፈት የምንጠይቅ እኛ ከሆንን፤ እንዳይዘጋ የምንጠብቀውም እኛ ነን።

ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዛሬ አራተኛ ክፍል ነው። በቅርቡ ሰኔ ይመጣል፤ እኛም መጻሕፍቱን ለመሰብሰብ ወደ እርሱ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ዘንድሮ ግን መጽሐፉን ከእጁ ተቀብለን፤ በመዝገብ ላይ ጽፈን፤ ለእርሱና ለአራት ጓደኞቹ መልሰን ልንሰጣቸው ቃል ገብተናል። በመስከረም ያንኑ ገጽ ሲያነብ ለመስማት ከእኛ ጋራ መምጣት የምትፈልጉ ሁሉ እንድትመጡ እየጋበዝን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።